ከከዚራ እስከ ቬኒስ

መምህርት ሰናይት አውሮፓን አይታው አታውቅም እንጂ ታውቀዋለች። ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ትምህርት ቤቷ ፈረንሳይኛ ስታስተምር፣ የፓሪስን ጎዳናዎች፣ የሮምን አደባባዮች፣ ቬኒስ ላይ ቤቶቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እንደሚኖሩ ሁሉ ለተማሪዎቿ ትተርካለች። ከልጆቹ አንዱ «ሄደው ያውቃሉ እንዴ?» ያለ እንደሆነ፣ «ገና ነኝ» ትላለች። ገና መሆን በሴት ልጅ ላይ ሲበዛ ግን ሰፈር ሌላ ስም ያወጣለታል። ጎረቤቶቿ «ሰናይት ቆማ ቀረች» ይሏታል። መኪና ከተገለበጠባት ወዲህ በዊልቸር የምትሄደው ሰናይት ይህን ሰምታ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። «ተመስገን ነው፤ በሰው አፍ እንኳ ቆሜያለሁ» አለች።

ጠያቂ አጥታ አልነበረም ገና የሆነችው። የመምህራን ሽርሽር በተነሣ ቁጥር ይጠሯታል። ሐረርም ሄዳለች፣ ላንጋኖም ሄዳለች። የጀጎል ጠባብ መተላለፊያ ሲመጣ ታዲያ «አንቺ እዚህ ጥላው ሥር ዕረፊ» ይሏታል፤ ሐይቁ ዳር አሸዋው ሲመጣም «አንቺ እዚህ ዕረፊ» ይሏታል። ሳይደክማት ያሳርፏታል። ከዚያ የሰው ጃኬት፣ የሰው ቦርሳ፣ የሰው ጫማ ጭኗ ላይ ይከመራል። ስትመለስ ያየችው ሁሉ ዕቃ ነው። ስለዚህ ምላለች፤ ሁለተኛ በሰው ጉዞ ላይ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ አልወጣም ብላ።

በዚህ መሐላዋ ላይ ሳለች ነው ይድነቃቸው የመጣው። ይድነቃቸው አስጎብኚ ነው። በወጣትነቱ ፈረንጁን ሐረር ሲያስጎበኝ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ሐበሻውን ሰብስቦ አውሮፓ ያስጎበኛል። ሚስቱን ከቀበረ ዓመታት አልፈዋል፤ ለሌላው መንገድ ሲያሳይ ይኖራል፣ ማታ ግን ቤቱ የሚገባው ብቻውን ነው። በክረምት የሚወስዳቸውን መምህራን ሲያሰባስብ ሰናይት እንደማትመጣ ሰማና ቤቷ ድረስ ሄደ። እናቷ ወይዘሮ ተዋበች የሎሚ ጭማቂ አቀረቡለት።

«መምህርት፣ ለምን አይመጡም?» አለ።

«እዚያ ያለውን ደረጃ ሁሉ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ይጠይቁኛል?»

«ደረጃው ከእርስዎ ይበልጣል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።»

ሽንገላ ይሁን ድፍረት አልለየላትም። «እስቲ እቅድዎን ያምጡና እንየው» አለችው። አስቸጋሪ ሰው የምታሰናብተው በዚህ ነበር። እቅድ ይዞ የተመለሰ እስከዚያ ቀን አልገጠማትም።

ይድነቃቸው ግን በሚቀጥለው እሑድ መዳፎቹ ተልጠው መጣ። ምን ሆኖ እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ዊልቸር ተውሶ፣ ወንድሙን አስከትሎ፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ደቻቱ ወንዝ ሲሽከረከር መሰንበቱን ነገራት። «ቁልቁለቱ ላይ አልቆም አለኝ። የብርቱካን ጋሪ ባይቀበለኝ ኖሮ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ነበርኩ።» ያየው ሁሉ እግዜር ይማርህ ብሎታል። ብርቱካን ሻጯ ደግሞ ወንድሙን፣ «ብርቱካን ይወዳል?» ብላ ጠይቃለታለች። እሱ እዚያው አፍንጫዋ ሥር ቁጭ ብሎ!

ሰናይት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወይዘሮ ተዋበች ጓዳ ሆነው ሰሙ። ልጃቸው እንደዚያ ስትስቅ ከሰሙ ስንት ክረምት አልፎ ነበር። ደስ አላቸው፤ ግን ትንፍሽ አላሉም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉ ሴት ናቸው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ሁሉ የእቅድ ቀን ሆነ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ የድሬ ሙቀት ያለ ማራገቢያ አይቻልምና ነፋሱ እንዳይወስደው አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛሉ። ሮም ላይ ድንጋዩ ያንገጫግጫል፤ «ካልተቸኮለ አያንገጫግጭም» ይላል እሱ። ቬኒስ ላይ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ «ድልድዩ እምቢ ካለ ጀልባዋ በሥሩ ታልፋለች። መሻገር እንደሆነ ያው መሻገር ነው» ይላል። የሚያርፉበት ቤት በሩ ሰፊ ይሁን ይባላል። አልጋውስ ከፍታው ምን ያህል ይሁን ሲባል ሁለቱም አቀርቅረው ካርታውን ያያሉ፤ ካርታው ላይ ደግሞ አልጋ የለም። መጀመሪያ «ቡድኑ» ይባል ነበር፤ ቀስ በቀስ «እኛ» ተባለ። «እርስዎ» የሚለውም በየትኛው እሑድ እንደጠፋ ያስተዋለ የለም።

አንድ ቀን ከዚራ ዛፎች ሥር ሊለማመዱ ወጡ። ይድነቃቸው ከኋላዋ ቆሞ፣ «እጀታውን ልያዝ?» አለ። ሰናይት ዞር ብላ አየችው። እስከዚያ ቀን ሲገፏት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ያዝ ስልህ ትይዛለህ፣ ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ» አለች።

«መያዙን እችልበታለሁ። መልቀቁን ታስተምሪኛለሽ» አለ።

ሲመለሱ ወይዘሮ ተዋበች በር ላይ ጠበቋቸው። «ለመሆኑ ሌሎቹ መንገደኞች እቅድ አያስፈልጋቸውም?» ብለው ጠየቁ።

«እነሱማ እግር አላቸው፣ እማማ» አለ ይድነቃቸው።

«እግር ያለውማ ይሄዳል» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰናይት እግር ያለው ሲሄድ አይታለች። «ከዚህ በፊት እኔም ጉዞ ጀምሬ ነበር» አለችው። «ሻንጣው ተዘጋጅቶ፣ ሸኚው ተጠርቶ፣ ለድንኳኑ ቦታ ተለክቶ ነበር። አብሮኝ የሚሄደው ሰው ብርቱ ነበር። ከአደጋው በኋላም ጥቂት ገፋኝ። አቀበቱ ሲመጣ ግን ክንዴ ዛለ አለና ለቀቀኝ።»

ይድነቃቸው አቀበቱ የት እንደነበረ አልጠየቀም። «ማን አወረደሽ?» አለ።

«ራሴ።»

«እንግዲያው መንገዱን ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። እኔ የምመራሽ የማታውቂው ላይ ብቻ ነው።»

እቅዱ ያለቀ መስሎ ነበር። ሰናይት ግን ዋናውን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆይታው ኖሯል። ካርታው ላይ ፍሎረንስ ያለውን የደወል ማማ በጣቷ ነካች። «ይኼ አሳንሰር የለውም» አለች። «እዚህ ስንደርስ ምን ታደርገኛለህ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እዚህ ዕረፊ ካላት እንደ ሌሎቹ መሆኑ ነው። ለአንቺ ስል እኔም አልወጣም ካላት ደግሞ የባሰ ነው፤ ለሰው ሲባል የቀረ ነገር ውሎ አድሮ ውለታ ይሆናል፣ ውለታም ከዊልቸር ይከብዳል። ሰናይት የምትፈራው ይህን ነበር። መሄዱን ልቧ ፈልጓል፤ አጥብቆ ፈልጓል። እንደ ሸክም ተቆጥሮ መሄዱን ግን እምቢ ብሏል።

ይድነቃቸው አልቸኮለም። ጭማቂውን ጠጥቶ ጨረሰና፣ «እወጣለሁ» አለ። «ወጥቼ ያየሁትን ሳልቀንስ ይዤልሽ እወርዳለሁ። አንቺም ከታች ያየሽውን ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ። ያንን ማማ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እኔ ላይ ሳለሁ ከታች ምን እንዳለፈ የነገረኝ ሰው ግን የለም።»

«ጃኬትህንስ?»

«ለብሼው እወጣለኋ!»

ሰናይት ካርታውን አጠፈችው። «እቅዱ ጥሩ ነው» አለች።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል» አለ እሱ ለመሄድ እየተነሣ። «እሱን ግን አስጎብኚው በራሱ አፍ አይጠይቅም። ደንብ አለው።»

በሚቀጥለው እሑድ ይድነቃቸው አልመጣም። ሰናይት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከጠዋት ጀምራ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ጠበቀች። ካርታው ተዘርግቷል፤ ማራገቢያው አንዱን ጫፍ ያርገበግበዋል፣ የሚይዘው የለም። ይኼም አቀበቱን አየው ማለት ነው አለች በልቧ፣ ራሷንም ወቀሰች፣ እንደገና ተስፋ ያደረገች ራሷን። በሩ የተንኳኳው ካርታውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ነው።

የገቡት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀሐዩ ያላባቸው። ፊት የቀደሙት የይድነቃቸው አጎት ጋሽ ልሳኑ ነበሩ። ወይዘሮ ተዋበች ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ግቡ፣ ግቡ፤ አረፍ በሉ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «የመጣንበት ሳይሰማ፣ እሺም ሳንባል አንቀመጥም።»

እንዲህ ብሎ የሚቆም እንግዳ ምን ሊጠይቅ እንደሚመጣ ከዚራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወይዘሮ ተዋበች ግን «ምን ጉዳይ ነው?» አሉ እንደማያውቅ ሰው።

«የጉዞ ጉዳይ ነው» አሉ ጋሽ ልሳኑ ጎንበስ ብለው። «አስጎብኚው ልጃችን መንገዱን አጥንቶ ጨርሷል። የመንገድ ጓደኛ ለምኑልኝ ብሎ ላከን።»

ሽማግሌ በአንድ ቀን አይመለስለትም፤ መመላለሱ ወጉ ነው። ወይዘሮ ተዋበችም ወግ አዋቂ ናቸውና «እንግዲህ እንመካከርበት፤ ቀጠሮ እንስጣችሁ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ሰናይት። «መመለሻው መቼ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱን አልነገረንም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «የነገረን መሄጃውን ብቻ ነው። መመለስ ያሰበም አይመስለን።»

ሰናይት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ጎማውን በገዛ እጇ አሽከርክራ ከመሐል ቤቱ ወደ ጎን ሆነችና ለሽማግሌዎቹ መግቢያ ለቀቀችላቸው።

«እማዬ» አለች፣ «ወንበር አቅርቢላቸው፤ ይቀመጡ።»