የጋሽ ታከለ መርማሪ ውሻ

ካርቱን የልጆች ነው ያላችሁ ማን ነው? ቡሬ መጥታችሁ ጎረቤቴን ጋሽ ታከለን ብታዩ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያዩት አንድ ካርቱን አለ፤ ጎረምሶችና አንድ ውሻ መንፈስ ያሳድዳሉ፣ ጭንብሉ ሲወልቅ መንፈስ የተባለው ጎረቤት ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታከለ ሰፈርተኛውን ሁሉ ጭንብል እንዳጠለቀ ሰው ነው የሚያዩት።

በቀደም የእድራችን ትልቁ ድስት ጠፋ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ አውጫጭኝ እንቀመጥ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ አሉ። ጋሽ ታከለ ግን «እሱ ድሮ ቀረ፤ ውሻዬ ያወጣዋል» ብለው የድስቱን ክዳን አስሸተቱት።

ውሻው ተነሣ፤ እኛም ተከተልነው። የኔን በር ሲያልፍ፣ ምን ልዋሽ፣ እፎይ አልኩ። የቄሱንም በር አለፈና ወደ ጋሽ ታከለ ግቢ ገብቶ ተኛ።

«ደክሞት ነው» አሉ ጋሽ ታከለ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ወጡ። «ድስቱን ፈልጋችሁ ነው? ለማኅበሩ ንፍሮ የቀቀልኩበት እኮ ነው። ታከለ፣ አንተው አይደለህ ተሸክመህ ያመጣህልኝ?»

ጋሽ ታከለ ውሻውን ትክ ብለው አዩት።

«ድሮም ካርቱኑን ልብ ብሎ አያይም ነበር» አሉ።