አርባ ዘጠኝ ጣሳ በቆልት

ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለመኖር ምን ያስፈልጋቸዋል? ምግብ፣ ውሃ፣ አየር ካላችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ አንደኛ ክፍልን አልፋችኋል። አስተማሪው እኔ ግን ወድቄያለሁ።

የማስተምረው ገጠር፣ ኮሶዬ ነው። ባለቤቴና ልጄ ጎንደር ናቸው። ልጄ ቅዳሜ ብቅ ስል እንግዳ መጣ ብላ እናቷ ጀርባ መደበቅ ጀምራለች። ስድስት ዓመት ወደ ጎንደር ዝውውር ስለምን ከረምኩና አምና፣ የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሲያስተምሩ ይይዎትና እንነጋገራለን ተባልኩ። እሰይ! ጉድ የሚያሰኝ ትምህርት ላሳየው አልኩ።

ሃምሳ ተማሪዎቼ የሳልሳ ጣሳና እፍኝ እፍኝ ባቄላ ይዘው እንዲመጡ አዘዝኩ። አርባ ዘጠኙን ውሃ አጠጥተን መስኮቱ ላይ ደረደርን። የስንዱ ጣሳ ብቻ ውሃ እንዳያገኝ ተፈረደበት፤ ልዩነቱ መታየት አለበታ! ስንዱ አለቀሰች። ለሳይንስ ሲባል ነው አልኳት። የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ እንዴት እንደምትጽናና ገምቱ።

ዓርብ ዕለት ባቄላው ሸጋ ሆኖ ጎነቆለ። ልጆቹን ለእረፍት ለቅቄ እንግዳዬን ልቀበል አስፋልት ወረድኩ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ለጥበቃው ለአያ ደሴ፣ ለእንግዳው የሚቀመስ የጾም ነገር ፈልጉ ብሏቸው ኖሯል። አያ ደሴ ምን ያድርጉ? የክፍሌን በር ገርበብ ቢያደርጉ የደረሰ በቆልት ተደርድሯል። በቆልት አብቅሎ ቆሞ የሚያይ ሰው በዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል? ቀቀሉት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሱበት።

ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ሳህን በላ። እኔም ከየት መጣ ሳልል፣ ብላ እንጂ፣ ብላ እንጂ እያልኩ አብሬ በላሁ። ከዚያ በኩራት ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ። ጣሳዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። አርባ ዘጠኝ ልጅ ያለቅሳል። ጥበቃውን ጠራኋቸው።

«አያ ደሴ፣ ባቄላው የት ሄደ?»

«ምነው መምህር፣ አሁን በላችሁት እኮ! ሸጋ ነው ስትሉ አልነበር?»

ሱፐርቫይዘሩ አፉን ጠራረገና ነገሩን ሊያበርድ ልጆቹን ጠየቀ፤ ባቄላ በሕይወት ለመኖር ምን ያስፈልገዋል? ስንዱ ማንም ያልነካውን ደረቅ ባቄላዋን ከነጣሳው አቅፋ ተነሳች።

«አለመብቀል!»

ሰውየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወዲያው ሪፖርቱ ላይ፣ ልጆችን እንዲህ እንዲያስተውሉ የሚያደርግ መምህር ለገጠሩ ብርቅ ነውና ከቦታው እንዳይነሳ ብሎ ጻፈ። ዝውውሩን ያገኘው የጎረቤት ክፍል መምህር ነው። ሱፐርቫይዘሩ እሱ ዘንድ ሲገባ ተማሪዎቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ አሉ።

ዘንድሮ ከመጽሐፉ እያነበብኩ ነው የማስተምረው። መሀል መሀል ላይ አዛጋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ባለቤቴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለልብሴ ቦታ ልቀቂልኝ ብያታለሁ።