ክቡር ቆጣሪ እና ጥቁሩ ስክሪን

አለቃ የሌለው መሥሪያ ቤት ይገኝ ይሆናል፤ መብራት አጥፊ የሌለው ግን የለም። ሰው መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ሳለ ከውጭ አጥፍቶበት የሚሄድ፣ ራሱ ያበራውን አምፖል እያየ "ይህን ደግሞ ማን አበራው?" ብሎ የሚቆጣ ሰው የትም አለ። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የንብረት ክፍሉ ሹም ነበሩ። ባሉበት "ጋሼ"፣ በሌሉበት "ክቡር ቆጣሪ" ይባላሉ።

ክቡርነታቸው በአምፖል ብቻ አልተወሰኑም። ነጭ ስክሪን ከጥቁር ይልቅ መብራት ይበላል የሚል ነገር ከየት እንደሆነ ሰምተው መጡ፤ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሁሉ ጥቁር አለበሱት። የሚጻፍበት ገጽ ጠቆረ፣ ፊደሉ አመድ መሰለ። ሒሳብ ሹሙ ስክሪኑ ላይ ያኖራት የልጁ ፎቶ ሳይቀር ተነሣች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለቻ! "እናቷ ጠቆር ያለ ታልብሳትና ትመለስ" አሉ። ቢሮው ለቅሶ ቤት መሰለ፤ ባለጉዳይ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባ ጀመር።

ቁጥጥራቸው በእጅ ነው። ከሰዓት በኋላ እየዞሩ፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር፣ የስክሪኑን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። እነዚያ ሆዳቸው የተነፋ አሮጌ ስክሪኖች ነጭ ሆነው ከዋሉ ይግላሉ፣ ከጠቆሩ ለዘብ ይላሉ። ስለዚህ መዳፋቸውን ማታለል አይቻልም። "ነጭ አድርገሽው ነበር፣ እህቴ። እስቲ ትንሽ ይተንፍስ" ይሉና ራሳቸው ያጠቁሩታል።

የጸሐፊዋ ዓይን ደግሞ ደከም ብሏል። ከጥቁር ላይ አመድማ ፊደል ስትለቅም ውላ እንባዋ ይወርዳል። ደብዳቤ ላይ ስሕተት ስታበዛ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ አሁንም ብትደግሚው ምድር ቤት መዝገብ ቤት አወርድሻለሁ አላት። ክቡርነታቸውን ስለ ዓይኗ ብታማክራቸው፣ ዓይን ይለምዳል ብለው አለፏት።

በዚህ መሐል አዲሶቹ ቀጫጭን ስክሪኖች መጡ። የገጠመላት ቴክኒሽያን ገና ገጹን ልታጠቁር ስትል ሳቀ።

"ተዪው እትዬ፤ የዚህ መብራቱ ከኋላው ነው፣ ጥቁሩ መጋረጃ ነው። መጋረጃ ስለዘጋሽ መብራቱ አይጠፋም። ለመቆጠብ ከሆነ ድምቀቱን ቀንሺው።"

ጸሐፊዋ ወዲያው ገጿን ነጭ አደረገች። ፊደሉ ሁሉ እንደ ዱሮ ወዳጅ ተቀበላት። ለክቡርነታቸውም፣ በዚያ ሁሉ እንባ ልክ፣ የሚያንገበግብ ንግግር አሰናድታ ጠበቀቻቸው።

መጡ። ነጩን ገጽ አይተው ጀርባውን ዳሰሱ። አጠቆሩት፣ ጥቂት ታገሡ፣ ደግመው ዳሰሱ። መልሰው አነጡት፣ ዳሰሱ። ከዚያ የከዳቸው እሱ ይመስል መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት።

"እህቴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እጄ አረጀ መሰለኝ።"

ያ ሁሉ ንግግር ከአፏ ጠፋ።

"እጅዎ ምንም አልሆነም ጋሼ። የተለወጠው ስክሪኑ ነው።"

የመጋረጃውን ነገር ነገረቻቸው። የድምቀቱን ግን አልነገረቻቸውም፤ ቁልፉን ብቻ ጠቆመቻቸው። ነካኩት፣ ዝቅ አደረጉት፣ በመዳፋቸው ጠበቁ። ጀርባው ለዘብ ሲል ፊታቸው በራ።

በማግስቱ አዋጁ ወጣ፦ ገጽ ሁሉ ነጭ፣ ድምቀት ሁሉ ዝቅ። ክቡርነታቸው ይህን ከዱሮም ያውቁት እንደነበር በየክፍሉ እየገቡ አስረዱ፤ ጸሐፊዋም አንገቷን እየነቀነቀች መሰከረችላቸው። የሒሳብ ሹሙ ልጅ ከነነጭ ቀሚሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መዝገብ ቤት የወረደ ሰው የለም።

ያን ዕለት ጸሐፊዋ ቤቷ ስትገባ ባሏ ኳስ ያያል። በቴሌቪዥኑ በኩል ስታልፍ እጇ ሳታዝዘው ጀርባው ላይ አረፈ።

"ምን ሆነሻል?" አላት ባሏ።

"ግሏል" አለችና አጠፋችበት። "እስቲ ትንሽ ይተንፍስ።"