አራተኛው ሟች እኔ ነኝ

[ለቴሌቪዥን ድራማ መቅረጫ የተሰናዳ የሬሳ ክፍል። ሁለት ጠባብ የብረት አልጋዎች፣ በመሐላቸው የእጅ መታጠቢያ። በአንደኛው አልጋ ላይ፣ በአሥራ አራት ድራማ ስለሞተ ሰፈሩ "ሟቹ" የሚለው ጎልማሳ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። በሌላኛው ላይ መታጠቢያውን ሊጠግን የተጠራ ቧንቧ ሠሪ በባዶ እግሩ፣ የመሣሪያ ከረጢቱን ታቅፎ ተቀምጧል። በእግሩ አውራ ጣት ላይ "4" የሚል ወረቀት ታስሯል።]

ሟቹ፦ ፍታው ብዬሃለሁ! አራት ቁጥር የእኔ ነው!

ቧንቧ ሠሪ፦ ጋሼ፣ እኔ አላሰርኩትም። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ናት "ጫማህን አውልቅ" ብላ ያሰረችብኝ። የመግቢያ ወረቀት መሰለኝ።

ሟቹ፦ በእግር ጣት የሚታሰር የመግቢያ ወረቀት የት አይተህ ታውቃለህ?

ቧንቧ ሠሪ፦ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው ብዬ ነዋ።

ሟቹ፦ ለእኔ ደግሞ ምን እንዳሰረችልኝ እየው! [እግሩን ከአንሶላው ያወጣል] አምስት! ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት በአራት!

ቧንቧ ሠሪ፦ ምን ይለማመዱታል? ሁለቱም መተኛት አይደል?

ሟቹ፦ "መተኛት" ይላል እንዴ! መርማሪው ገብቶ የአራተኛውን ሟች አንሶላ ይገልጣል። ካሜራው ፊቱ ላይ አሥር ሰከንድ ይቆያል። አሥር! አምስተኛው ግን እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

ቧንቧ ሠሪ፦ ታዲያ እግርዎ ምን አለው? ደህና እግር ነው።

ሟቹ፦ በአሥራ አራት ድራማ የታየው እሱ ብቻ ነው! አማቴ "ይኼ ሰውዬ ሥራ አለኝ እያለ የት ነው የሚውለው?" ትላለች። "ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ ነኝ" ብዬ በቴሌቪዥን ሳሳያት፣ "እግርማ ማን የለውም!" አለችኝ። አሁን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውዬ ፊቴ ይወጣል ብያለሁ። ወዲህ በል ቁጥሩን!

ቧንቧ ሠሪ፦ ይውሰዱት ጋሼ፣ በቁጥር አንጣላም። [ይለዋወጣሉ] ግን ይኼ ሁሉ መጋደም ለምንድነው?

ሟቹ፦ ምን ዓይነቱን ጀማሪ ነው የላኩብኝ! ድራማው በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለ ተከታታይ ገዳይ።

ቧንቧ ሠሪ፦ ውይ! ተከታታዮቹ ምን አደረጉት?

ሟቹ፦ የትኞቹ ተከታታዮች?

ቧንቧ ሠሪ፦ የድራማው ተከታታዮች ናቸዋ። ባለቤቴ አንድ ክፍል አያመልጣትም። ደውዬ ቴሌቪዥኑን አጥፊው ልበላት እንዴ?

ሟቹ፦ ተመልካች የሚገድል አይደለም! እያከታተለ የሚገድል! አንዱን ገድሎ ሌላውን፣ ሌላውን ገድሎ ደግሞ ሌላውን።

ቧንቧ ሠሪ፦ አይደክመውም?

ሟቹ፦ እዘንለት ደግሞ!

ቧንቧ ሠሪ፦ መጨረሻ ላይ ይያዛል?

ሟቹ፦ ይያዛል፤ ግን ስንት ክፍል ፈጅቶባቸው! እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን አንቄ አመጣው ነበር። ገዳይ በዓይኑ ያስታውቃል። ስታየው ዝንብ የማይገድል የዋህ ነው። ከረጢት ከእጁ አይለይም። ደግሞ አያስችለውም፣ ሠርቶ የሄደበትን ቦታ ተመልሶ ያያል።

ቧንቧ ሠሪ፦ ይኼንንማ እኔም አደርገዋለሁ።

ሟቹ፦ ምኑን?

ቧንቧ ሠሪ፦ ተመልሼ ማየቱን። በሁለተኛው ቀን ጎራ እላለሁ፣ የሚያፈስ ካለ ብዬ።

ሟቹ፦ የሚያፈስ... ከምኑ?

ቧንቧ ሠሪ፦ ከአንገቱ ነዋ። አንዳንዱ ጥርቅም አድርገው ቢጠመዝዙት እንኳ ያንጠባጥባል።

ሟቹ፦ [አንሶላውን እስከ አገጩ እየሳበ] ለመሆኑ... ሥራህ ምንድነው ያልከኝ?

ቧንቧ ሠሪ፦ መች ጠየቁኝና! ሲታፈን ነው የሚጠሩኝ።

ሟቹ፦ ከታፈነ በኋላ?

ቧንቧ ሠሪ፦ ቀድሞ ማን ያስታውሰኛል! እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ እኔው ራሴ ያፈንኩትም አለ።

ሟቹ፦ አንተው ራስህ!

ቧንቧ ሠሪ፦ ያኔ ልምድ አልነበረኝም። ጨርቅ ረስቼበት ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ሟቹ፦ ስ... ስንት ይሆናሉ በጠቅላላው?

ቧንቧ ሠሪ፦ የሠራኋቸው? ማን ቆጥሮ! በዚህ ሳምንት ብቻ ስድስት። ትናንት አንዲት አሮጊት ቤት ገብቼ ጥርሳቸውን አወጣሁ።

ሟቹ፦ ጥርሳቸውን!

ቧንቧ ሠሪ፦ ሙሉውን። ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ! ሲመርቁኝ ቢሰሟቸው!

ሟቹ፦ ["ቱቦው" የሚለውን ቃል ሳይሰማ፣ ለራሱ] መረቁት... ያለ ጥርስ መረቁት... ዓይኑ የዋህ ነው... ከረጢቱ ይኸው...

ቧንቧ ሠሪ፦ እንግዲህ ወሬውን ትተን ይኼንንም አንገቱን ፈትቼ ልገላገል። [ከከረጢቱ ትልቅ መፍቻ ይመዛል] ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ራስዎ መንገዴ ላይ ነው።

[ድምፅ ማጉያው ይንኳኳል። የአዘጋጇ ድምፅ ይሰማል።]

አዘጋጇ፦ ዝግጁ! ሬሳዎች፣ ፊታችሁን ሸፍኑ! ካሜራ!

ቧንቧ ሠሪ፦ እኔንም ነው እንዴ? [መፍቻውን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ ይጋደማል፣ አንሶላውን ይለብሳል]

ሟቹ፦ [ሙሉ በሙሉ ተሸፋፍኖ] ኡኡ! ድረሱልኝ! ገዳዩ እዚህ ነው! እውነተኛው ገዳይ! አጠገቤ ተኝቷል!

ቧንቧ ሠሪ፦ [ተስፈንጥሮ ይቀመጣል፤ መፍቻው ወለሉ ላይ ይወድቃል] የት አለ? ኧረ በሕግ! የት ነው ያለሁት? ምን ዓይነት ቤት ነው?

አዘጋጇ፦ አቁሙ! አራት ቁጥር! አንተ ሞተሃል እኮ! የሞተ ሰው ኡኡ ይላል? አምስት ቁጥር ግን... ግሩም! ያ ድንጋጤ፣ ያ ዓይን! "የት ነው ያለሁት?" አባባልህ ደግሞ ቁርጥ እንደተጻፈው!

ሟቹ፦ [ከአንሶላው ሥር] አምስት ቁጥር ምን አባቱ ይናገራል? እሱም ሬሳ ነው!

አዘጋጇ፦ እስከ ትናንት ነበር። ታሪኩን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች መጥተው ሲነግሩን፣ ለካ አምስተኛው አልሞተም። ሬሳ ክፍል ውስጥ ነቅቶ ገዳዩን ያስያዘው እሱ ነው። ጽሑፉን ቀየርነው። ለዚያ አሥራ አራት ጊዜ ለሞተው ምስኪን ሰውዬ ይሰጠው፣ አንዴ እንኳ ይነሳ ተባባልንና አምስትን አሰርንለት።

ሟቹ፦ ለ... ለእኔ?

አዘጋጇ፦ ለእሱ ነው እንጂ! አምስት ቁጥር፣ እንዲህ ያለ ፊት ይዘህ አሥራ አራት ድራማ ሙሉ እግርህን ብቻ ማሳየታቸው ግፍ ነው።

ቧንቧ ሠሪ፦ ኧረ እትዬ፣ እኔ እኮ...

አዘጋጇ፦ ድምፅህን ቆጥብ! ነገ ፍርድ ቤት ቀርበህ ትመሰክራለህ። ሁለት ገጽ ንግግር አለህ።

ሟቹ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ሰው፣ ማነህ አንተ?

ቧንቧ ሠሪ፦ [በሹክሹክታ] ቧንቧ ሠሪ ነኛ! መታጠቢያው ታፍኗል ብለው ጠርተውኝ ነው።

[ሟቹ አንሶላውን ከፊቱ ገለጥ ያደርጋል።]

ሟቹ፦ እና የአሮጊቷ ጥርስ...

ቧንቧ ሠሪ፦ ሰው ሠራሽ ነው። አፋቸውን ሲጉመጠመጡ አምልጧቸው ገባ።

ሟቹ፦ [ጮክ ብሎ] እትዬ! ስህተት አለ! አሥራ አራት ጊዜ የሞትኩት እኔ ነኝ! ቁጥሩን ተለዋውጠን ነው!

አዘጋጇ፦ አራት ቁጥር፣ ዛሬ ሁለተኛህ ነው። ሬሳ እየለፈለፈ አላሠራም። ልብስህን ለብሰህ ወደ ቤትህ ሂድ።

ሟቹ፦ ወደ ቤት? በዚህ ሰዓት? አማቴ በረንዳ ላይ ናት!

ቧንቧ ሠሪ፦ አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ አስረዳልዎታለሁ።

ሟቹ፦ ሁለት ገጽ ንግግር የተሰጠህ ሰው ስለ እኔ ምን ታስረዳለህ!

አዘጋጇ፦ ቆይ፣ ያ ቧንቧ ሠሪ የታለ? ጠዋት ገብቷል ተብያለሁ። መታጠቢያው ሳይሠራ ማንም ወደሚቀጥለው ቀረጻ እንዳያልፍብኝ!

[ቧንቧ ሠሪው እጁን ሊያነሳ ሲል፣ ሟቹ አንሶላውን ከላዩ ወርውሮ ዘልሎ ይወርዳል፤ መፍቻውን ከወለሉ ያነሳል።]

ሟቹ፦ አለሁ እትዬ! ቧንቧ ሠሪው እኔ ነኝ!

ቧንቧ ሠሪ፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ፣ መጀመሪያ ዋናውን ውሃ ይዝጉ።

ሟቹ፦ አውቃለሁ!

[የቧንቧውን አንገት በመፍቻው ይፈታዋል። ውሃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል።]