ውሃ ያልቀረበበት ምሳ

ረግጠውት የማያውቁትን ከተማ እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ ሰዎች በዝተዋል። እኔም አንዷ ነኝ። ሴኡልን ጠይቁኝ። ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ፣ ሲመሽ የሚበራበትን መብራት፣ ልቡ የተሰበረ ሰው ቆሞ የሚያለቅስበትን ቦታ ሳይቀር አሳያችኋለሁ። በዚያ ከተማ ድሃ የሚኖረው ጣሪያ ላይ ነው፤ ከደጁ ሆኖ ከተማው በሙሉ እንደ አልማዝ ሲያብረቀርቅ ይታየዋል። ሀብታም የሚኖረው መስታወት ቤት ውስጥ ነው፤ በደረጃው ወርዶ ሰው ከመስደብ በቀር ሥራ የለውም። ዝናብ የሚዘንበው ሁለት ሰዎች ሊዋደዱ ሲሉ ብቻ ነው። ቆሻሻ የሚያወጣ፣ የመብራት ሒሳብ የመጣበት፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ሁሉ እውቀት ያካበትኩት ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማዬ፣ ሶፋ ላይ ሆኜ ነው። ኮሮና ገብቶ የምሠራበት ካዚኖ ሲዘጋ እኔም አብሬ ተዘጋሁ። ዕድሜ ልኬን ከመጽሐፍ ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የኮሪያ ድራማ የሚያዩ ሴቶችን ምን ያህል እንደምንቅ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ላይብረሪው ሲዘጋና ዓይኔ ሲደክም ግን ንቀቴም አብሮ ደከመ። መጀመሪያ ላይ የማየው ለመታዘብ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ያ የሀብታም ልጅ የዳቦ ቤቷን ልጅ አገባት አላገባት እያልኩ እንቅልፍ አጣ ጀመር።

የአሜሪካኖቹ ፊልም ይሻላል የሚል ካለ እሱንም አይቼዋለሁ። እነሱ ዘንድ የእስያ ከተማ ሁልጊዜ ጨለማ ነው፤ ሁልጊዜም ካፊያ አለ። ቀይና ሰማያዊ መብራት ኩሬ ላይ ይንቀለቀላል፣ ከየቱቦው እንፋሎት ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ነጭ ሰው ገበያ መሀል እየሮጠ የአንዲት አሮጊት ፍራፍሬ ደፍቶ ያልፋል። ፍራፍሬውን ማን እንደሚለቅመው አሳይተው አያውቁም። እኔ የሌላ ሰው ዝርክርክ ስሰበስብ ያረጀሁ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝና፣ ሰውየው አመለጠ ተያዘ ጉዳዬ አይደለም። የማስበው ስለ አሮጊቷ ነው።

እንዲህ የበሰልኩ ተመልካች ከሆንኩ በኋላ ነው እንግዲህ ጎረቤቴ አስካለ ምክር ፍለጋ የመጣችው። አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ካዚኖ ቡፌ ውስጥ የምትሠራ፣ ቁጣዋ ከድስቷ ቀድሞ የሚፈላ ሴት ናት። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሩት። እዚሁ የተወለደች ፋርማሲስት ናት፤ «እርስዎ» ማለት ስለማይሆንላት እኔንም አንቺ ነው የምትለኝ፤ ይቅር ብያታለሁ። ሩት እጮኛዬ ዳንኤል ይባላል ስትላት አስካለ ደስታዋን አልቻለችውም። የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ ዘመድ አዝማዱን በስልክ አዳረሰች። ሙሉ ስሙ ዳንኤል ኪም፣ ወገኑም ኮሪያዊ መሆኑ የታወቀው በማግስቱ ነው።

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ዳንኤል አባቱ በልጅነቱ የሞተበት፣ እናቱ ካዚኖ ውስጥ ካርድ እያደለች ለብቻዋ ያሳደገችው ልጅ ነው። እናቴ ሳትመርቀን ቀለበት አላደርግም ብሏል። እናትየው ደግሞ የልጅቷን ቤት ሳላይ አልመርቅም ብላለች። ስለዚህ ሁላችንም ተከትበን ስንጨርስ፣ በጸደይ አንድ እሑድ፣ ወይዘሮ ኪም አስካለ ቤት ምሳ ልትበላ ተቀጠረ። ሩት እናቷን ለዚህች ለአንዲት ቀን ብቻ እንዳትቆጣ ለመነቻት። አስካለም ወደኔ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል» አለችኝ። «ስንት ጊዜዎ ከነሱ ጋር ሲውሉ ሲያድሩ።»

አላውቃቸውም ማለት ነበረብኝ። በሠራተኛ መመገቢያ ክፍል ስንት ዓመት ሙሉ ከኮሪያ ሴቶች ጎን ተቀምጬ በልቻለሁ፤ አንዷን እንኳ ከየት ሰፈር እንደመጣች ጠይቄ አላውቅም። ግን ሊቅ ነሽ ተብሎ አላውቅም የሚል ሰው አይታችኋል? ተደላድዬ ተቀመጥኩና አስረዳኋት። የወንዱ እናት ከልጅቷ ወገን ጋር የምትገናኝበት ሥርዓት አለ። ብርጭቆ ውሃ ይቀርባል። ማንም አይጠጣውም። ጥቂት ቃል ይለዋወጣሉ። ከዚያ የወንዱ እናት ብርጭቆዋን አንስታ ውሃውን በልጅቷ ወገን ፊት ላይ ትደፋለች። ይህ ያልታየበት ድራማ አላጋጠመኝም፤ በሕገ መንግሥታቸው ሳይጻፍ አይቀርም ብዬ ነበር።

«ትድፋ» አለች አስካለ። «ድስቱም አጠገቤ ነው።»

ያን ጊዜ የሩት ትዳር በወጥ ሲጥለቀለቅ ታየኝ። ታዲያ ትዳሩን ለማዳን ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃ የሌለበት ምሳ። እሑድ ጠዋት ብርጭቆ የተባለውን ሁሉ ሰብስበን አልጋ ሥር ከተትን። የቬጋስ የቧንቧ ውሃ ኖራ ኖራ ስለሚል የምንጠጣውን የምንቀዳው በትልቅ ጀሪካን ከውሃ መሸጫ ነው፤ ጀሪካኑን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠን መጋረጃውን ሳብንበት። ለስላሳ በጣሳ እንዲቀርብ ፈቀድኩ። የጣሳ አፍ ጠባብ ነው፣ ቢደፋም ብዙ አያረጥብም። እንግዳ ጠርቶ ውሃ መደበቅ በአገራችን እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን ለትልቅ ዓላማ ነው አልኩ። ትልልቅ ጥፋቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀመሩት።

እኔ የጠበቅኩት ጥቁር መኪና፣ ሾፌር፣ የዕንቁ ሐብልና ቀዝቃዛ ዓይን ነበር። የመጣችው በሩ የተጨረመተ አሮጌ ቶዮታ የምትነዳ፣ አጭር፣ ጫማዋን በር ላይ ለማውለቅ የምትታገል ሴት ናት። ልጇ አበባ ይዞ ይከተላታል። እጅ ነሣችን፤ እኛም እጅ ነሣን፤ እሷ ደገመች፤ እኛም ላለመበለጥ ደገምን። ሩት ባታስቀምጠን ኖሮ እስካሁን እዚያው በር ላይ ነበርን።

ለስላሳ ሲቀርብላት ስኳር እንዳለባት ነገረችን። ቢራ ሲቀርብላት መኪና ነጂ ነኝ አለች። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ደግሞ እኛም በርበሬ እንወዳለን ብላ ፈገግ አለች። ይህን ለአስካለ መንገር አልነበረባትም። አስካለ ነገሩን እንደ ውርርድ ወስዳ ሚጥሚጣውን አመጣችና ጥብስ ነክራበት አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመች። ከሁለተኛው በኋላ የወይዘሮ ኪም ፊት ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እኔ ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ከመድፋታቸው በፊት የሚመጣው ፊት ነው።

«ትንሽ ውሃ ይኖራል?» አለች ቀስ ብላ።

ሩት ተነሣች። አስካለ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት መሰለኝ፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ውሃ የለም» አልኩ እኔ።

ሩት ጀሪካኑን ትናንት ሞልታ እንዳመጣች ልታስታውሰን ሞከረች፤ አልቋል አልኳት። ዳንኤል የቧንቧውም ይሁን ብሎ ሲነሣ፣ ዛሬ ቧንቧው ተበላሽቷል ብላ አስካለ ጨመረችበት። ወይዘሮ ኪም በዓይኗ ክፍሉን ስትቃኝ፣ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ የቆመው የአበባ ማስቀመጫ ጋ ሲያርፍ አየሁ። ሩት አበባውን ተቀብላ ውሃ ውስጥ ነክራው ኖሯል። በቤቱ ያለ ክፍት ውሃ እሱ ብቻ ነው፣ ለክንዷም ይቀርባል። በዕድሜዬ ባልጠበቅኩት ፍጥነት ተነሥቼ አበባውን ከነማስቀመጫው አነሣሁና ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቀፍኩት።

ወይዘሮ ኪም አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ በርበሬው ከሚያመጣው የተለየ ሌላ ነገር ሆነ፤ ዝግ ባለ እንግሊዝኛ ስለ ሴኡል ማውራት ጀመረች። ያደገችው ኮረብታ ላይ በተሠራ የድሃ መንደር ነው። ቧንቧ ያለው ከታች፣ ያውም ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው። ባልዲ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ይደፋ ነበር። በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ቁጥር የተጻፈባቸው አንድ ዓይነት ፎቆች ቆሙበት። ከተረፉት አንድ ሁለት ቅያሶች ግን ግድግዳቸው ሥዕል ተሥሎበት ዛሬ ድራማ ይቀረጽባቸዋል።

«ድራማውን የምከፍተው አገሬን ላይ ብዬ ነው» አለች። «ያንኑ ድልድይ ያሳዩኛል። ደረጃችንንም አሳዩት፣ ግን ሁለት ልጆች አይስክሬም እየበሉ ይወጡታል። ባልዲ የያዘ ሰው የለም።»

ይህን ሁሉ ለምን እንደምትነግረን አልገባኝም፤ ግን ድካሟ ገባኝ። ላስ ቬጋስም ፊልም ላይ አንድ የሚያበራ መንገድ ብቻ ናት። እኛ ያለንበት ሰንራይዝ ማነር፣ እሷ ያለችበት ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር፣ ከሺፍት መልስ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው የትም አይታይም። በመኪና ሃያ ደቂቃ ተራርቀን ስንኖር የተዋወቅነው በባሕር ማዶ ካሜራ ነው። ልነግራት አስቤ ነበር። ግን አበባ አቅፎ ቁም ነገር መናገር ይከብዳል። ወይዘሮ ኪም ቀሪውን ምሳዋን እንባዋን እየጠረገች ያለ ውሃ ጨረሰች፤ ሁለታችንንም እጃችንን ጨብጣ፣ ምርቃትም እርግማንም ሳትተነፍስ ሄደች። ሩት እናቷንም እኔንም ሳታናግር በሯን ዘግታ አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዳንኤል የጓደኛውን ፒክአፕ አስካለ ደጅ ላይ ፓርክ አድርጎ ካርቶን ማውረድ ጀመረ። የታሸገ ውሃ ነው። አወረደ፣ አወረደ፣ በረንዳው ሞላ። ሩት እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ መጣች።

«የዳን እናት በጣም አለቀሰች መኪና ውስጥ» አለችኝ። «አንቺን የአበባውን ውሃ አቅፈሽ አይታ ነው። ልጅ ስትሆን ቲቪ ላይ ኢትዮጵያን አይታለች፤ ውሃ የለም፣ ሰው ይሄዳል፣ ይሄዳል። አሜሪካ መጥተውም ገና ውሃ ያልቃል ብለው ይፈራሉ አለች። እኔ አውቀዋለሁ ይሄን አለች። ዬስ አለች፣ እማማ። ሰርጉን ዬስ አለች።»

እኔ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ከተማ የተወለድኩት ሴት! በልጅነቴ እናቴ የምትፈራልኝ መስጠም ነበር እንጂ ጥም አልነበረም። ስልኬን አንሥቼ ለወይዘሮ ኪም እውነቱን ልነግራት ስል አስካለ እጄን ያዘችው።

«ምን ሊሏት ነው?» አለች። «ትደፊብናለሽ ብለን ደብቀን ነው ሊሏት? ይጠማዎት፣ እትዬ። ለሩት ሲሉ ይጠማዎት።»

ተጠማሁ። በመኸር ሰርጉ ሲሆንም እንደተጠማሁ ነበርኩ። ወይዘሮ ኪም ዛሬም ባገኘችኝ ቁጥር ሰላም ከማለቷ በፊት ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ትሰጠኛለች፤ ጨርሼ እስክጠጣም ቆማ ታየኛለች። እጠጣለሁ። ድራማው ታዲያ ጨርሶ ዋሽቷል አልልም። የወንዱ እናት በውሃ መምጣቷ አልቀረም፤ ያልተነገረኝ በካርቶን መሆኑን ነው።