ከበሩ ጀርባ የቀሩት ኦቦ ገመቹ

ወገን፣ ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጉድ ሠራኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ስምንት ወር ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ ሰበታ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለዴሞ ጠራኝ። ዳይሬክተሯ ከኋላ ተቀምጣ ታይሻለች፣ አንቺ አራተኛ ክፍልን ታስተምሪያለሽ፣ ከዚያ ወይ ትቀጠሪያለሽ ወይ ትሸኚያለሽ።

የደረሰኝ ቃል «አፒር» ነው። ብቅ ማለት፣ መታየት። ቀላል! ጭጋጉ ሲገፈፍ የመናገሻ ተራራ አፒር ያደርጋል፣ አለቀ።

እኔ ግን መራቀቅ አማረኝ!

የግቢውን ጥበቃ ኦቦ ገመቹን «ከክፍሉ በር ጀርባ ይቁሙልኝና አፒር ስል ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። «ረኮን ህንጅሩ፣ ችግር የለም ልጄ» አሉኝ።

ገባሁ። ማርከሩ በላቤ ይንሸራተታል።

«ሉክ አት ዘ ዶር! አፒር!»

በሩ ንቅንቅ አላለም።

«አፒር!!»

አርባ ልጅ በሩ ላይ አፍጥጧል። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። ጨነቀኝና በአማርኛ «ኦቦ ገመቹ፣ ይግቡ እንጂ!» አልኩ።

«ኧረ ተጫወቱ! እኔ እዚሁ ደህና ነኝ!» አሉ ከውጭ።

ለካ አለቃቸው መቀመጧን አይተዋል። በአንድ ጥሪ ዘው የሚል ሽማግሌ የት አገር አለ? እኔ ራሴ ሰው ቤት እየራበኝ «በልቻለሁ» እያልኩ ያደግኩ፣ እንዴት ይሄ ይጠፋኛል?

«በሞቴ ይግቡ!»

«አልረብሻችሁም!»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሂ ዲድ ኖት አፒር!» ብቅ አላሉም ማለቷ ነው፤ ሰዋስዉ እንከን የለውም።

ወሬ ለማስቀየር «አፒር መምሰልም ማለት ነው፣ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት» አልኩ። ያችው ልጅ፦ «ቲቸር አፒርስ አፍሬድ።» መምህሯ የፈራች ትመስላለች ማለቷ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሯ አልሳቀችም፤ ጻፈች።

በመጨረሻ ራሷ ተነስታ በሩ ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። ኦቦ ገመቹ ቆባቸውን አውልቀው ሲገቡ ደወል ተደወለ።

«አንድ ሰው በበር ማስገባት ካቃተሽ አርባ ልጅ እንዴት ትይዣለሽ?» አለችኝ። «ለማንኛውም እንደውልልሻለን።»

ሥራ የፈለጋችሁ ሁሉ የዚህን ትርጉም ታውቃላችሁ። አፈርኩ፤ እንባዬን ዋጥኩ።

ስወጣ ኦቦ ገመቹ በር ላይ ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ተሳካልሽ አይደል? አግዤሻለሁ አይደል?»

በእሳቸው ይሉኝታ ስናደድ ቆይቼ የራሴው ያዘኝ። «አዎ፣ ተቀጠርኩ! እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ግንባሬን ስመው መረቁኝ። «በይ ሰኞ በጠዋት በሩን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ!»

ወገን፣ ሰኞ የት ልግባ?