ሊቀ ኮራል ባንቲሁን

አንድ ነገር ብቻ የሚያወራ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። አንዱ ስለ ስኳር በሽታው፣ አንዱ በወጣትነቱ ስላገባው ጎል፣ አንዱ ስለ ቦታ ካርታው ሲያወራ ይኖራል። ለእኔ ፈጣሪ ያደለኝ ግን የባሕር ሰው ነው፦ ክቡር ሊቀ ኮራል ባንቲሁን፣ የባለ ተሳቢ መኪና ሾፌር፣ የመንዝ ሰው፣ ዋና የማይችል፣ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ነክቶት የማያውቅ።

እኔ ከጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ ከባድ መኪኖች ወረፋ ከሚጠብቁበት ሜዳ አጠገብ ምግብ ቤት አለኝ። ሾፌሮቹ ለመጫን ቀናት ይጠብቃሉ። ሌላው ካርታ ሲጫወት ባንቲሁን ጋቢናው ውስጥ ተጋድሞ ስለ ፓስፊክ ደሴቶች ቪዲዮ አየ። ወደ ቤቴ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር።

«እትዬ ገበያነሽ! ፊጂዎች ጾም አላቸው!»

«ክርስቲያን ናቸው እንዴ?»

«ብዙዎቹ ናቸው፤ እኔ ግን እሱን አይደለም የምልሽ። ባሕሩን ነው የሚያስጾሙት!»

እንደ ነገረኝ፣ ፊጂ በሚባሉት ደሴቶች የአገሩ አለቃ ሲሞት መንደሩ ኮራሉ ላይ እንጨት ይተክላል፤ መቶ ሌሊት እስኪሞላ ማንም እዚያ ዓሣ አያጠምድም። ሐዘኑ ሲያበቃ ዓሣው በዝቶ ይጠብቃቸዋል። ኮራል ደግሞ ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው የዓሦች ቤት ነው። ማንበብ ስለምወድ ፈልጌ አነበብኩና አጣራሁ። ለክፋቱ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ፊጂ ቢሆን ኖሮ!» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ ላይ የኮራል ቁራጭ ለቱሪስት የሚሸጥ ሰው አግኝቶ በአማርኛ ሰበከው። ሰውየው ከሶማሊኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ አያውቅም። «ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ» አለኝ። ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በመስኮት የወረወረን ሾፌር በዚያ ሁሉ ጭነት አሳዶ ጠርሙሱን መልሶ አስረከበው።

ምሳ ሰዓት ላይማ አይቻልም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ፤ ሾፌሮቼ ግን ዓቢይ ጾም ከገባ ሌላ አያዙም። አንድ ቀን ባንቲሁን የሾፌር ጓደኛው የዘሩ ሳህን ላይ ቆመ።

«ይህ ዓሣ እኮ የኮራሉን አረም የሚያጸዳ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ ትበላለህ?»

«ጡረታ ወጥቷል» አለ ዘሩ፣ አንድ ጎርሶ።

ዓሣውን የሚያመጣልኝ ኑረዲን ነው፤ ቤተሰቦቹ በአያቱ ዘመን ከድሬዳዋ የመጡ። አባቱ ሐጂ ከይረዲን ያሳደጉት ከአንዲት የኮራል ቦታ እያጠመዱ ነው። አሁን አሁን ግን መረቡ ከዓመት ዓመት ቀለለ። «አቦ፣ ባሕሩ ባዶ ነው። ጀልባዋን ሸጬ ሹፍርና ልገባ ነው» ይለኝ ጀመር፤ ይህን ሲል ዓይኔን አያይም።

ዓቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ሐጂ ከይረዲን ዐረፉ። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ባንቲሁንን በር ላይ ያዝኩት።

«ዛሬ ፊጂ የለም። ማልልኝ!»

ማለልኝ። ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ በዚያ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ መካከል ብድግ አለ።

«ኑረዲን ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ። አባትህ የዚያ ባሕር አለቃ ነበሩ። ፊጂ ቢሆን ኖሮ ቦታቸው መቶ ቀን ይዘጋ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ኑረዲን አጠገቡ ለተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ፣ ለአባቱ የባሕር ጓደኛ፣ በአፋርኛ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው ባንቲሁንን ከእግር እስከ ራሱ አይተው ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩ እየፈራሁ።

«‹አያቶቻችንም ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ወራት ያንን ቦታ አይነኩም ነበር። እኔና አባትህም ልጆች ሳለን እንዲሁ እናደርግ ነበር። የተውነው የሞተር ጀልባ ሲመጣ ነው። ለዚህ ደገኛ ማን ነገረው?› ነው የሚሉት» አለ ኑረዲን። «አባቴም ይለኝ ነበር ወላሂ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ባንቲሁን ቀስ ብሎ የጭነት ደብተሩን አወጣና ሽማግሌው እግር ሥር ተቀመጠ። የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ነፋስ እያለ በኑረዲን አስተርጓሚነት እየጠየቀ ሲጽፍ ዋለ።

በማግስቱ ኑረዲን ኮራሉ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ እንጨት ተክሎ የአባቱን ሽርጥ አሰረበት። ሌሎቹ ጀልባዎችም ለሐጂ ክብር ሲሉ ዞረው ማለፍ ጀመሩ። ኑረዲንም ጀልባዋን ሳይሸጥ ለመቶ ቀን ብቻ ሊታገሥ ተስማማ፤ ቦታው ካላገገመ ትሸጣለች። እኔም ጾሙን ሙሉ ምስርና ሽሮ ሠራሁ።

«እትዬ፣ ዓሣው የት ሄደ?» ይሉኛል ሾፌሮቹ።

«ሐዘን ላይ ነው።»

በመቶኛው ቀን እኔ፣ ባንቲሁንና ኑረዲን ሦስታችንም በጀልባዋ ወደ ባሕሩ ወጣን። ባንቲሁን ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርቦ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመ። ኑረዲን የባሕሩን ሥር የሚያሳይ፣ ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ሰጠው። ፊቱን ባልዲው ውስጥ ከተተና ዝም አለ። ያ ምላሱ የማያርፍ ሰውዬ ዝም!

ነጥቄው አየሁ። ስምህ ይክበር! ጥፍር የሚያካክሉ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች፣ ቅዳሴ ሲያበቃ እንደሚወጣ ሕዝብ እየተጋፉ በኮራሉ ጣቶች መካከል ይፈሳሉ!

«ልጆች ናቸው!» ኑረዲን እንደ ሕፃን ይጮኻል። «አቦ፣ ሁሉም ልጆች ናቸው!»

«መረቡን ትጥላለህ?» አልኩት።

«ገና ነዋ፣ እትዬ! ይደጉ እንጂ። ሌላ ቦታ እያጠመድኩ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ጀልባዋስ?»

«የምን መሸጥ!»

አሁን አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። የባንቲሁን መኪና ከዚያ ቀን አስቀድሞ ጭና ልትወጣ ነበር። እኔ ነኝ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ሻማ አብርቼ፣ ወረፋው እንዲረዝም የለመንኩት። ያለ እሱ ማየት አልሆንልሽ አለኝ። አራት ቀን ረዘመ። በዚያ ፀሐይ ጋቢና ውስጥ የተጠበሳችሁ ሾፌሮች ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ ምሳ በእኔ ነው።